ዘጠኝ ወር ከሕግ ቢሮ ሶፍትዌር ጋር፦ ከክርክሩ ማስጀመሩ ከበደን

ፍርድ ቤት ለክረምት ዝግ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሦስት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ ያለን ቢሮ ነን። የፌዴራሉ የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። እኛም ነገ ድርጅት ስንሆን መዝገብ በየሰው ቦርሳ መዞር የለበትም ብለን ኅዳር 2017 ላይ መዝገብና ቀጠሮ የሚይዝ የውጭ አገር ሶፍትዌር ገዛን። ስሙን አልጠራም፣ ጸብ አልፈልግም። ክፍያው በዶላር ነው፤ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልን። እሷም በደወለች ቁጥር "ለመሆኑ ሠራላችሁ?" ትለኛለች።

ሠርቷል። ግን እስኪሠራ ሦስት ሳምንት በላብን።

ገና አንድ መዝገብ ሳትከፍት ምርመራ ይጀምርሃል። የቢሮው ዓይነት ምንድነው? የጠበቃው ሰዓት በስንት ደቂቃ እየተከፈለ ይታሰብ? የፖስታ ኮድ? (አምስት ዜሮ ጻፍኩለት፣ ዝም ብሎ ተቀበለ።) ከዚያ የደንበኞች ገንዘብ የሚቀመጥበትን የተለየ የባንክ ሂሳብ አስገባ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ የደንበኛውን ገንዘብ ከራሱ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ስለሚገደድ ለእነሱ ጥያቄው ልክ ነው። እኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ሂሳብ የለንም፣ "እለፈው" የሚል ቁልፍም የለም። ሁለት ቀን ታግለን በመጨረሻ የሌለ ሂሳብ በዜሮ ብር ፈጠርን። ይኸው እስከ ዛሬ ወር በገባ ቁጥር ሂሳቡን አመሳክር እያለ ይጨቀጭቀኛል።

እርዳታ ስንጠይቅ የመጣው መልስ "የአይቲ ክፍላችሁን አማክሩ" የሚል ነበር። የእኛ አይቲ ክፍል ከቢሯችን በታች ስልክ የሚጠግነው ልጅ ነው። ልጁ ግን ከእነሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ወጥቶ ያያል።

እኔን ያቃጠለኝ የቀኑ ጉዳይ ነው። ጸሐፊያችን የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከችሎት እንደመጣ 14/05/2017 ብላ አስገባች። ጥር 14 ማለቷ ነው። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ሜይ 14 ቀን 2017 አድርጎ ወሰደውና ቀጠሮው ካለፈ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል ብሎ ገጹን በቀይ አጥለቀለቀው። እሺ፣ እሱን ወደ ፈረንጅ ቀን እየለወጥን ማስገባት ጀመርን። ሰዓቱን ግን ረሳነው። ጠዋት 3:00 ሰዓት ለነበረ ችሎት ከአንድ ሰዓት በፊት አስታውሰኝ ብለነው፣ እሱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬን አንጫረረው። ባለቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ደንግጣ ተነሳች። አሁን "የእኛ ቀን" የሚል ተጨማሪ ሳጥን ሠርተናል። እሱንም ቢሆን ለፍትሐ ብሔር፣ ለወንጀል፣ ለቤተሰብ፣ ለሥራ ክርክር እያልን አራት ጊዜ ከባዶ መሥራት ነበረብን፤ አንዱን ወደ ሌላው መገልበጥ አይቻልማ።

ስምም ሌላ ጣጣ ነው። የቤተሰብ ስም ካልሰጠኸው አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ የአባት ስም እናስገባለን። ታዲያ አንድ ቀን ከሳሽም የበቀለ ልጅ፣ ተከሳሽም የበቀለ ልጅ ሆኑና አንድ ቤተሰብ መስለውት የጥቅም ግጭት አለ ብሎ መዝገቡን ቆለፈው። አዳማ ውስጥ ስንት በቀለ አለ! በዚያ ላይ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት መዝገቦቻችን በአፋን ኦሮሞ ናቸው፣ የፌዴራሎቹ በአማርኛ። ጫልቱ በቁቤ በ"ሲ" ፊደል ነው የምትጀምረው፣ በአማርኛ በ"ጫ"። ለሶፍትዌሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። በአማርኛው ብቻ እንኳ "ፀሐይ" ብለህ ከመዘገብክ በኋላ "ጸሀይ" ብለህ ብትፈልግ የለችም ይልሃል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በመዝገብ ቁጥር መፈለግ ጀመርን።

እውነቱን ለመናገር ከጥር ወዲህ ተመችቶኛል። ደንበኛ ደውሎ "ቀጠሮዬ መቼ ነበር?" ሲለኝ ችሎት በር ላይ ቆሜ ከስልኬ አይቼ እነግረዋለሁ። ድሮ "ቢሮ ስገባ ልደውልልህ" ነበር መልሴ። ከሁሉ የወደድኩት የጊዜ ገደብ ቆጠራውን ነው። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን መሆኑን አንዴ ነገርነው፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ስናስገባለት መጨረሻውን ቀን ራሱ ያወጣል፣ አሥር ቀን ሲቀረውም ይነግረናል። ግንቦት ላይ ሦስታችንም የዘነጋነውን አንድ ይግባኝ ያዳነልን እሱ ነው። ለዚያች ቀን ብቻ ክፍያውን አውጥቷል ማለት እችላለሁ።

ብቻህን የምትሠራ ጠበቃ ከሆንክ ግን ተወው፣ የወረቀት አጀንዳ ይበቃሃል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግዙት፤ ግን እንደ እኛ ኅዳር ላይ ችሎት በሚበዛበት ሰዓት አትጀምሩት። ነሐሴ ላይ ጀምሩት።

ውላችን ኅዳር ላይ ያልቃል፣ የሚታደስ ይመስለኛል። ጸሐፊያችን የ2018 አጀንዳ ከወዲሁ ገዝታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣለች። ምን ያደርግልሻል ብላት "መብራት ሲጠፋ ያንተን እናያለን" አለችኝ።