አጋፓንተስ በባሕር ዳር ግቢ፦ ክረምቱንም በጋውንም አሳልፌ ያየሁት

ግቢያችሁ ፀሐይ ካገኘና መጠበቅ ካላስመረራችሁ አጋፓንተስ የሚባለውን ሰማያዊ አበባ ያለው የግቢ ተክል ግዙ። ያላችሁ ጥላ ብቻ ከሆነ ግን ብራችሁን አታባክኑ። ይህን የምለው አምና ክረምት መግቢያ ላይ ተክዬ፣ ዘንድሮ አበባውን ካየሁ በኋላ ነው።

የገዛሁት ጣና ዳር መንገድ ላይ ችግኝ ከሚሸጡ ልጆች ነው። ከጽጌረዳ ይወደዳል፤ ብከራከርም እምብዛም አልቀነሰልኝም። «በየቀኑ ውኃ አጠጪው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም» አለኝ ሻጩ። ጣጣ የለውም ያለው እውነት ነው። «በየቀኑ» የሚለውን ግን አትስሙት። የአጋፓንተስ ሥር ወፋፍራምና ነጭ ነው፤ ውኃ ይይዛል። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጋቢት ላይ ቧንቧው ጭጭ ሲል ጽጌረዳዎቼ ተጠወለጉ፤ እሱ ምንም አልመሰለውም።

የሚፈራው የተኛ ውኃ ነው። የእኛ ግቢ አፈር ዋልካ ነው፤ በጋ ይሰነጣጠቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ውኃ አቁሮ ይጨቀያል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጌ፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ ተከልኩት። ክረምቱን ያለ መበስበስ ተወጣው።

ሆን ብዬ ሁለት ቦታ ከፍዬ ነበር የተከልኩት፤ ግማሹን በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹን ማንጎው ሥር። ማንጎው ሥር ያለው ቅጠሉ ያምራል፣ አረንጓዴነቱም ከዚያኛው ይበልጣል፤ አበባ ግን የለም። በሩ አጠገብ ያለው ግንቦት ላይ ዘንግ አወጣ።

ዘንጉ ባዶ ነው፣ ቅጠል የለውም። ጫፉ ላይ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ እንቡጥ ይዞ ወገቤ ድረስ ወጣ። ሽፋኑ ሲቀደድ ከውስጡ ብዙ ትንንሽ እንቡጦች ተበተኑ። እያንዳንዱ ሲፈካ ስድስት የአበባ ቅጠል አለው፤ በእያንዳንዱ መሐል ለመሐል ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር ይወርዳል። ሁሉም ባንዴ አይፈኩም፤ አንዱ ሲረግፍ ሌላው ስለሚከፈት ድምቀቱ ለሳምንታት ይቆያል። ቀትር ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ አመሻሽ ላይ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ቆርጣችሁ ማስቀመጫ ውስጥ ብትከቱትም ቶሎ አይጠወልግም።

ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ግን ያሰለቻሉ። ጎረቤታችን እማማ መደቡን አይተው «ልጄ፣ ባሮ ሽንኩርት ነው የተከልሽው?» ብለውኛል። እውነትም ሲታይ ያንኑ ይመስላል። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ይህን አስቡበት፤ ተክሉ አይበላም፣ አፍ ያቃጥላል። ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፣ ልጆችንም አስጠንቅቁ።

አበባ እንዲያፈጥን ዩሪያ ጨምሩበት የሚሉ አሉ። እኔ አልጨመርኩም። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል ነው የሚያበዛው። ክረምት ላይ ቀንድ አውጣ ቅጠሉ ሥር ይደበቃል፤ ማልዶ በእጅ መልቀም ነው። ሌላ ተባይ አላየሁበትም።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ። አጋፓንተስ ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ውስጥ ከግቢ አምልጦ ዳር ዳሩን ወሮ፣ በየቦታው እንደ አረም ይቆጠራል። እኛ ደግሞ አበባው የሚያምር ባዕድ ተክል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከማንም በላይ እናውቃለን። እምቦጭም አበባው ያምራል፤ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን እንዴት እንዳደረገው ግን ለዓሣ አስጋሪው መንገር አያስፈልግም። አጋፓንተስ የየብስ ተክል ነው፣ ሐይቁ ላይ አይንሳፈፍም። ቢሆንም አበባው እንደረገፈ፣ ዘር ሳይቋጥር ዘንጉን ከሥሩ እቆርጠዋለሁ። የነቀልኩትንም ሆነ ትርፍ ሥሩን ሐይቁ ዳርም ሆነ ቦይ ውስጥ አልጥልም፤ አድርቄ አቃጥለዋለሁ። ይህ ሥራ የሚበዛበት ሰው ቢተወው ይሻለዋል።

ማንጎው ሥር ያሉትን ክረምቱ ሲወጣ ወደ ፀሐይ አዛውራቸዋለሁ። በሩ አጠገብ ያለውን ግን አልነካውም። ተጨናንቆ ቢያድግም ያብባል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከጠበበው በስለታም አካፋ ከፋፍሎ መትከል ይቻላል።

ስትገዙ ከዘር የበቀለውን ትንሽ ችግኝ ተዉት፤ ርካሽ ነው፣ ግን ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅባችሁ ይችላል። ከትልቅ ተክል የተገነጠለውን ጠይቁ። ፕላስቲኩን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን ተጫኑት። ጠንካራና ነጭ ከሆነ ውሰዱት፤ ከለሰለሰና ከሸተተ መልሱለት።