ኮሞሮስ ወይስ ሲሼልስ? ከደሴ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው

የአክስቴ ልጅና ሚስቱ ከሠርጋቸው በተረፈው ገንዘብ የአንድ ሳምንት የባሕር ዳር እረፍት አስበዋል። ባለፈው እሑድ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ደሴ እኔ ጋ ለቡና መጡ። እሷ ሲሼልስ ካልሆነ አለች። እሱ ደግሞ «ኮሞሮስን በግማሹ እንሄዳለን፣ ወላሂ!» ይላል። እናቴ ጀበናውን እያወረደች «ኮሞሮስ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች፤ ስልክ ተከፍቶ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ያሉት ነጠብጣቦች ታዩላት። ከአቦል እስከ በረካ ስንደምር ስንቀንስ ቆየን።

መጀመሪያ ልዩነት የሌለበትን ላውጣ። ወደ ሁለቱም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ይበራል። ከእኛ እስከ ቦሌ ያለው ወጪም ያው ነው፤ ወይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ወይ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን። ሰው ሁሉ የሚረሳት ግን አዲስ አበባ ላይ ስትሄዱም ስትመለሱም የምታድሩባትን ሌሊት ነው። እሷን መዝገቡ አናት ላይ ጻፏት።

ልዩነቱ ከመግቢያው ይጀምራል። ኮሞሮስ ቪዛውን እዚያው ሞሮኒ አውሮፕላን ማረፊያ ትሰጣለች፣ ለአንድ ሰው 30 ዩሮ። ሲሼልስ ከየትኛውም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም። ነፃ ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ፤ ከመነሣታችሁ በፊት በኢንተርኔት ተሞልቶ የሚከፈልበት የጉዞ ፈቃድ አለ፣ የመመለሻ ትኬትና የተያዘ ማረፊያ ይጠየቃል፣ ለአንድ ሰው በቀን 150 ዶላር የሚሆን ገንዘብ እንዳላችሁም ማሳየት ይኖርባችኋል። ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 2,100 ዶላር ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ስኒውን አስቀመጠ። አውጡት አልተባለም፣ ይኑራችሁ ነው የተባለው፤ ቢሆንም የሌለውን ማሳየት አይቻልም።

አልጋው ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። የሲሼልስ ዋና ደሴት በሆነችው ማሄ ላይ የራሱ ማዕድ ቤት ያለው ቀላል ማረፊያ ለሁለት ሰው በሌሊት ከ70 እስከ 100 ዩሮ አድርገን ያዝን፣ ኮሞሮስ ላይ ከ30 እስከ 50። በሰባት ሌሊት ሲሼልስ ከ490 እስከ 700፣ ኮሞሮስ ከ210 እስከ 350 ዩሮ ይመጣል። ሲሼልስ ከ2023 ጀምሮ በእያንዳንዱ ሌሊት በሰው የሚታሰብ የአካባቢ ጥበቃ ክፍያም ታስከፍላለች፤ ትንሽ ማረፊያ ከያዛችሁ ግን ትንሽ ነው። ማዕድ ቤቱን አደራ፤ እዚያ ምግቡ አብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ በቀን ሦስቴ ሬስቶራንት የሚበላ ሰው ሳምንቱ ሲያልቅ ትኬቱን ደግሞ የገዛ ያህል ይመስለዋል። ቀን ቀን የአገሬው ሰው ከሚገዛበት ሩዝና ዓሣ በሣጥን ያዙ። ኮሞሮስ ዓሣው፣ ካሳቫው፣ ኮኮናቱ የደጅ ነው። አገሩ የሙስሊም ስለሆነም ስለ ሐላል የሚጨነቅ የለም፤ ረመዳን ላይ ከሄዳችሁ ግን ቀን የሚበላ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

እስከዚህ ድረስ ኮሞሮስ እያሸነፈች ነበር። ጥሬ ገንዘብ ላይ ደረስን።

ኮሞሮስ ላይ ካርድን እንደሌለ ቁጠሩት፤ ሙሉውን ወጪ በዩሮ ይዞ መግባት ነው። መልካሙ ነገር ፍራንካቸው ከዩሮ ጋር የታሰረ መሆኑ ነው፣ 1 ዩሮ ወደ 492 ፍራንክ፣ ከ1999 ጀምሮ ያው። የሚወዛወዘው የእኛ ብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የተሠራ በጀት ወር አይቆይም፤ በዩሮ ደምሩና ብሩን መጨረሻ ላይ አባዙ። ቪዛው እዚያ ስለሚሰጥ ለባንክ የምታሳዩት ቪዛ በእጃችሁ አይኖርም፤ ስለዚህ ባንኩ ዩሮ ለመሸጥ የትኛውን ሰነድ እንደሚቀበል ትኬት ሳይቆረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲሼልስ ላይ ዓለም አቀፍ ክፍያ የተፈቀደለት ካርድ ይሠራል።

ከደሴት ደሴት መሻገሩ ሌላው ነው። ከማሄ ወደ ፕራስሊን ፈጣን ጀልባ አለ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለውጭ ዜጋ ውድ ነው፤ ግን ሰዓቱ ይታወቃል። ያችን ባለሁለት ጉብታ ኮኮናት፣ ኮኮ ደ ሜርን፣ በዛፏ ላይ ለማየት ወደ ቫሌ ደ ሜ ጫካ የሚገባውም ከዚያው ነው። ማሄ ውስጥ የሕዝብ አውቶቡስ ስላለ መኪና አትከራዩ። ኮሞሮስ ላይ የባሕር ኤሊ እንቁላል የምትጥልበትን የሞሄሊን ደሴት ያላየ ምን አየ ይባላል? ወደዚያ የምታሻግረው ትንሽ አውሮፕላን ግን ትዘገያለች፣ ትቀራለችም፤ ተራውን ጀልባ ደግሞ ለአደጋው ስል ለማንም አልመክርም። ስለዚህ ወደ ቦሌ ከምትመለሱበት በረራ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሞሮኒ ባለችበት ደሴት፣ ታላቋ ኮሞር ላይ መገኘት አለባችሁ። የእነዚያ ሁለት ቀናት አልጋና ምግብ ማንም በጀት ውስጥ የማያስገባው ወጪ ነው።

ጤናም ገንዘብ ነው። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ወባን አይነግሩትም፤ ኮሞሮስ ላይ አለች፣ መከላከያ ክኒኑንና አጎበሩን ደምሩ። ሲሼልስ የለችም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ሲሼልስ ትጠይቃለች፤ ለኮሞሮስም ቢሆን ከፓስፖርቱ ጋር አጣብቁት።

በመጨረሻ የያዝነው ሒሳብ ይህ ነው፦ ለሲሼልስ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ መጠባበቂያ ይበቃል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ከመነሣታችሁ በፊት ተከፍሎ ያልቃል። ለኮሞሮስ አንድ ሦስተኛ፣ ያውም በእጅ። ይህ ሲጨመር «ግማሹ» ግማሽ መሆኑ ይቀራል፤ ርካሽነቱ ባይጠፋም።

ፈቃዳቸው ሰባት ቀን ብቻ ስለሆነ እኔ ሲሼልስን፣ ግን አምስት ሌሊት ማሄ ላይ ብቻ ብያለሁ። አሥራ ሁለት ቀን ቢኖራቸውና ካርታላ የሚባለውን 2,361 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ለመውጣት ጉልበቱ ካላቸው፣ ያለማመንታት ኮሞሮስ እል ነበር። ጦሳ ሥር ላደግን ሰዎች ከፍታው ምንም አይደለም፤ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው።

ማታ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ አልተስማሙም ነበር። ማክሰኞ እሱ ደውሎ መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ አምስት ቀን ይፈቅድለት እንደሆነ እየጠየቀ መሆኑን ነገረኝ። እሷ ደግሞ ስልኩን ነጥቃ፦ «ያ የሲሼልስ የጉዞ ፈቃድ በስንት ቀን ይወጣል?»