የሀዋሳ ገበያ በሶ ለተራራ አልትራማራቶን ይሆናል?

ይሆናል፤ በተለይ ለመጀመሪያው ግማሽ። እናት ወይም አባት ለመጀመሪያ ጊዜ አልትራማራቶን (ከማራቶን የሚረዝም ሩጫ)፣ 50 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ ሊሮጡ ሲነሱ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያቀብል ቤተሰብ ከበሶ የሚሻል፣ በቀላሉ የሚገኝና ሆድ የለመደው ምግብ ማግኘት ከባድ ነው። ከ10 ብንሰጠው 8 ይገባዋል። ሁለቱ የተቀነሱት በአመራረጥና በአበጣበጥ ስህተት በቀላሉ ስለሚበላሽ ነው።

በኪሎ የሚሰፈረው ከታሸገው የተሻለ መዓዛ አለው፤ ጥራቱ ግን ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። ከመግዛትዎ በፊት አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው 5 ደቂቃ ያስቀምጡት። ገለባ ከላይ ይንሳፈፋል፣ አሸዋ ከሥር ይዘቅጣል። ከሥሩ ጣት ነክሮ ሲያሹት የሚቆረቁር ከሆነ ይለፉት። ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት አሮ የተቆላ ነው፣ ይመርራል። የቆየ ዘይት የሚሸት ደግሞ ከርሟል። የታሸገውን ሲገዙ ስኳር ወይም ሌላ እህል እንደተቀላቀለበት ጽሑፉን ያንብቡ፤ መጠኑን ማስላት የሚቻለው ንጹህ ገብስ ሲሆን ነው።

ለአንድ ሰዓት የሚሆነው ልክ ይህ ነው፦ 30 ግራም በሶ (ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው፣ ግማሽ ሊትር ውሃ። ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ይወጣዋል፤ ለረጅም ሩጫ በሰዓት ከሚመከረው ከ30 እስከ 60 ግራም ውስጥ ነው። በሶውን መጀመሪያ በጥቂት ውሃ ለውሰው ከዚያ ያቅጥኑት፤ አለዚያ ይጓጉላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው «ይበርታ» ብሎ ሲያወፍረው ነው። ገብስ ውስጥ ያለው ፋይበር ውሃ ሲያገኝ ስለሚወፍር ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፤ ሯጩ ቁልቁለት ላይ ሆዱ ይንቦጫቦጫል፣ ያስታውከዋል።

በሶ ብጥብጥ በሩጫ ቦርሳ የውሃ ከረጢት ወይም በሚጠባ ለስላሳ ጠርሙስ አይጨመርም። ዝቃጩ አፉን ይደፍነዋል፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውም በሀዋሳ ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። ሯጩ ውሃና ኦአርኤስ የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት (አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር) ይያዝ፤ በሶውን ቤተሰቡ ሲደርስ በኩባያ ይስጠው። ከንጋት ጀምሮ የተበጠበጠ አይቀርብም፤ ዱቄቱ በየልኩ ተሰፍሮ በትንንሽ ፌስታል ይቋጠር፣ ውሃው የሚጨመረው ሯጩ ሊደርስ ሲል ነው።

ጭብጦ ለዳገት ጥሩ ነው፣ የእንቁላል ያህል ተደርጎ ሲጠቀለል በኪስ ይገባል። ቅቤና ሚጥሚጣው ግን ለቤት ይቅር፤ ቅባት የምግብ መፈጨትን ያዘገያል። ደርቆ ከተፈረፈረ ደግሞ እያለከለኩ ሲጎርሱት ትን ስለሚል በእግር እየሄዱና በውሃ እያወራረዱ ነው የሚበላው።

ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ጣፋጭ ነገር ይሰለቻል። ያኔ ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንችና ጋዙ የወጣለት ኮካ ይቅረብ። «እማዬ፣ ምን ልስጥሽ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ የደከመ ሰው «ምንም» ነው የሚለው። ኩባያውን እጇ ላይ ማስያዝ ይሻላል። ጣቶቿ ካበጡ፣ ቀለበቷ ከጠበበ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራት ንጹህ ውሃ መደጋገሙ ይቁም፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ የደምን ጨው አቅጥኖት ሊሆን ይችላል። ንግግሯ ከተዛባ ሩጫው እዚያው ይቆማል፣ ሐኪም ይጠራል።

ይህን ሁሉ ከውድድሩ በፊት በልምምድ መሞከር ግድ ነው፤ ሀዋሳ ያለውን ታቦር ተራራ ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ለሙከራ ይበቃል። ኩባያውንም በሶው ሳይደርቅበት ይጠቡት፤ ከደረቀ በኋላ የሚለቀው በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ነው።