ቶኑ ስክሪኑ ላይ አለ፣ ሪፒተሩ ግን አይከፍትም፦ የእጅ ሬዲዮዬ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጎንደር ውስጥ ለሥራ ስለምይዘው የእጅ መገናኛ ሬዲዮ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ጉድለቱ ነው። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል፤ ድምፁም በአራዳ ገበያ ጫጫታ መካከል ሳይቀር ይሰማል። ስለ እነዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ያስመረረኝ የመግቢያ ቶኑ፣ ማለትም ሪፒተር የተባለውን መልሶ አሰራጭ መሣሪያ የሚያስከፍተው ወጥ ድምፅ ነው።

ሪፒተር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተተክሎ ከእጅ ሬዲዮ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ይቀበልና በሌላ ፍሪኩዌንሲ በጉልበት መልሶ ያሰራጫል። የባዘነ ሞገድ ሁሉ እንዳይቀሰቅሰው ከንግግራችን ሥር ዝቅ ያለ ቶን አብሮ እንዲላክለት ይጠብቃል፤ ይህን ቶን ተቀባዩ ሬዲዮ አጣርቶ ስለሚያስቀረው እኛ አንሰማውም። የተለመዱት ቶኖች ከ67.0 እስከ 254.1 ሄርዝ ባለው መካከል የሚገኙ ሲሆኑ፣ ፈቃድ ያለው የመሥሪያ ቤታችን ሪፒተር የሚጠብቀው 88.5ን ነው። አማተሮች፣ ማለትም ሬዲዮን ለትርፍ ጊዜ ፍላጎታቸው የሚይዙ ሰዎች፣ የሚጠቀሙባቸው ሪፒተሮችም በአብዛኛው የሚከፈቱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሬዲዮዬም ለእነሱ ተብሎ ከሚሸጠው ዓይነት ነው።

ፒያሳ ቆሜ ስጠራ ሪፒተሩ ወዲያው ይከፍታል። አዘዞ ስወርድ ግን የመናገሪያውን ቁልፍ ስጫን ከፍቶ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ስጀምር ይዘጋል፤ ዝም ስል ደግሞ ተመልሶ ይከፍታል። በጥምቀት ዕለት፣ ዝቅ ባለው የቀሃ ወንዝ አካባቢ፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ጢም ብሎ ሳለ፣ አምቡላንሱ በየት በኩል ይግባ ተብዬ ስጠየቅ የሰጠሁት መልስ ግማሹ ተበልቶ ደረሰ። እንዲህ ባለ ሰዓት የሚከዳ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ያልደረሰበት ሰው ሊረዳው አይችልም።

ሻጩ ቢሰማኝ «ቶኑ ገብቷል፣ 88.5 ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ችግሩ የጎንደር ተራራ ነው» እንደሚለኝ አልጠራጠርም። ወንድሜ፣ ተራራውማ ለሁላችንም አንድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ሬዲዮ ኃይሉ እንደኔው 5 ዋት ሆኖ ሳለ፣ እዚያው አዘዞ አጠገቤ ቆሞ ያለምንም ችግር ይከፍታል። የሪፒተሩ ባለሙያ ለጊዜው ቶን መጠየቁን ባስቀሩልኝ ጊዜ ደግሞ፣ ንግግሬ ከዚያው ቦታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ አለፈ። ስለዚህ ሞገዱ ይደርሳል፤ በሚፈለገው መጠን የማይደርሰው ቶኑ ነው።

ነገሩን ያጠራልኝ ቀላል ሙከራ ነው። ሁለተኛ ሬዲዮ ሪፒተሩ በሚቀበልበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ተደርጎ፣ 88.5 ሲያገኝ ብቻ እንዲከፍት ይስተካከላል፤ በዚህ ዓይነት የሪፒተሩን ጆሮ ይተካል። ቁልፉን ተጭኜ ዝም ስል ይከፍታል፣ ጮክ ብዬ ስናገር ግን ይቆራረጣል። የቶኑ ቁጥር ተሳስቶ፣ ለምሳሌ ጎረቤቱ 85.4 ወይም 91.5 ሆኖ ቢሆን ኖሮ ከነጭራሹ ባልከፈተ ነበር። ባልደረቦቼም ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ እንደሚመስል ደጋግመው ነግረውኛል፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ፍንጭ ነበር።

ምክንያቱ የቻናል ስፋት፣ ማለትም አንድ ቻናል የሚይዘው የፍሪኩዌንሲ ቦታ፣ ሆኖ ተገኘ። ሪፒተራችን የተዘጋጀው ለ25 ኪሎ ሄርዝ ሰፊ ቻናል ነው። በዚህ ስፋት ቶኑ ፍሪኩዌንሲውን 500 ሄርዝ ወይም ከዚያ በላይ ማወዛወዝ ይጠበቅበታል፤ 12.5 ኪሎ ሄርዝ ባለው ጠባብ ቻናል ላይ ግን ንግግሩም ቶኑም በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። ሞገዱ በሚደክምበት በአዘዞ ወይም ንግግሩ በሚገንንበት ጊዜ ያ የቀነሰ ቶን ይዋጣል። የእኔ ሬዲዮ፣ ሜኑው ላይ «ሰፊ» የሚለው ተመርጦ እያለ፣ በቁልፎቹ የተመዘገበውን እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው «ጠባብ» አድርጎ ያስቀምጣል። ማኑዋሉ ይህን በአንድ መስመር እንኳ አያነሳም። ያየሁት በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ የቻናሎቹን ዝርዝር ስከፍት ነው፤ በዓምዱ ቁልቁል «ጠባብ፣ ጠባብ፣ ጠባብ» ተደርድሯል።

ሁሉንም ወደ ሰፊ ከቀየርኩ ወዲህ ከአዘዞም ከቀሃ ዳርም ያለመቆራረጥ እነጋገራለሁ። ነገር ግን መስክ ላይ ሆኜ አንድ ቻናል በቁልፍ ባስተካከልኩ ቁጥር ያ ቻናል ወደ ጠባብ ይመለሳል፤ ኮምፒውተር ደግሞ በየሄድኩበት ተሸክሜ አልዞርም። ሻጩ «ታዲያ ተስተካከለ አይደል?» ቢለኝ፣ አልተስተካከለም እለዋለሁ፤ ጉድለቱን የምሸፍነው እኔ ነኝ። ለራሴ ልጠቀምበት እችላለሁ፣ የሰው ሕይወት በመልእክት ፍጥነት ላይ ለሚንጠለጠልበት ቡድን ግን ይህን ሞዴል ግዙ ብዬ አልፈርምም።

መግዛት የፈለገ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቻናሉን በቁልፎቹ አስመዝግቦ፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ አብርቶ፣ በሁለተኛ ሬዲዮ ያንኑ ሙከራ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጮክ ብሎ እየተናገረ ይሞክር፤ ሻጩም የቻናሎቹን ዝርዝር በኮምፒውተር ከፍቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ።