የቻርሊ ፑዝ «ቮይስኖትስ»፦ በደህና ሄድፎን ካልሆነ ባትሰሙት ይሻላል

የአሜሪካዊው ፖፕ ዘፋኝ ቻርሊ ፑዝ አልበም «ቮይስኖትስ» የቆየ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በፈረንጅ 2018 ግንቦት ላይ ነው የወጣው፣ ግን ሰሞኑን ከጆሮዬ አልወርድ ስላለ ልጻፍበት ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው ቻርሊ ፑዝን የሚያውቀው 2015 ላይ ከራፐሩ ዊዝ ካሊፋ ጋር በሰራው «ሲ ዩ አጌን» ነው፣ ያኔ ታክሲ በሉት ካፌ በሉት ያልተከፈተበት ቦታ አልነበረም። በአመቱ የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ለኔ ውሃ ውሃ ይላል፣ እሱ ራሱም በኋላ እንደማይወደው ተናግሯል። ሁለተኛው ላይ፣ ማለትም «ቮይስኖትስ» ላይ ግን ፕሮዲውሰሩም ራሱ ሆነና ነገሩ ሁሉ ተቀየረ።

እኛ ጋ አልበም ሲወጣ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ እየተባለ ነው የሚዘረዘረው፣ ቴዲ አፍሮ እንኳ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ሰርቶ ቅንብር ላይ ሌላ ሰው ያስገባል። ፑዝ ግጥም ላይ አጋዥ አለው፣ ጄኮብ ካሸር የሚባል ሰው ስሙ ብዙ ቦታ አለ፣ ቅንብሩን ግን ከሞላ ጎደል ራሱ ነው የሰራው። በርክሊ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረ ልጅ ነው፣ በዛ ላይ የሰማውን ድምፅ ሁሉ ይሄ ይሄኛው ኖታ ነው ብሎ የሚነግርህ አይነት ጆሮ አለው።

ከአልበሙ «አቴንሽን» የሚለውን ዘፈን በደንብ ስሙት እስኪ። ሲጀምር ጊታሯ ቀስ ብላ ነው የምትገባው፣ ከዛ እየተሞላ እየተሞላ ይመጣና ኮረሱ (አዝማቹ) ላይ አሁን ሊፈነዳ ነው ብለህ ስትጠብቅ ሁሉም ነገር ገለል ይልና ቤዙ ከድራሙና ከድምፁ ጋር ብቻውን ይዞት ይሄዳል። እዛ ቦታ ላይ ጨምሮ ጨምሮ ማደናቆር ቀላል ነበር፣ ልጁ ግን ቀነሰ። ችግሩ ይሄን መንገድ ላይ በሚሸጠው ርካሽ ኤርፎን አትሰሙትም፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥማ ረዳቱ እየጮኸ ስፒከሩ እየተንጫጫ ጭራሽ ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረውን ፋይል ተዉት፣ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ቁጭ በሉና በጥሩ ኳሊቲ አውርዳችሁ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ እየሄዳችሁ ስሙት፣ መኪና እየገላመጣችሁ ስለማትሄዱ ሙዚቃው ላይ ማተኮር ይቻላል።

«ሃው ሎንግ» የ«አቴንሽን» ታናሽ ወንድም ነው፣ ያው ቤዝ ያው ጨዋታ፣ እኔ ግን አልሰለቸኝም። ከዘፋኟ ኬህላኒ ጋር ያለው «ደን ፎር ሚ» አሪፍ ነው። ቦይዝ ቱ ሜን ከሚባለው የድምፃውያን ቡድን ጋር የሰራው «ኢፍ ዩ ሊቭ ሚ ናው» ደግሞ ሌላ ነው፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ ነው የሚሄደው፣ ኳየር ውስጥ ያደጋችሁ ልጆች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ እየተከተላችሁ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ነው የምትሰሙት። አንጋፋው ዘፋኝ ጄምስ ቴይለር ያለበት «ቼንጅ» ግን ሽማግሌውን አክብሬ ነው እስከ መጨረሻው የሰማሁት።

ግጥሙስ ካላችሁኝ... ተዉኝ ባካችሁ። ሄደች፣ መጣች፣ ከዳችኝ፣ ከዳኋት፣ በቃ እሱ ነው፣ ቅኔ ለለመደ ጆሮ ምንም የሚያኝከው ነገር የለም። 13 ዘፈን ነው፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ «ሰምባዲ ቶልድ ሚ» እና «ኤምፕቲ ካፕስ» ባይኖሩ ማንም አይናፍቃቸውም። ግራሚ ላይም ይሄ አልበም የታጨው በድምፅ ኢንጂነሪንግ ዘርፍ ነበር፣ ባያሸንፍም በትክክለኛው ቦታ ነው ያጩት።

ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ቢት ለምትሰሩ ልጆች ግን ይሄ የግድ ነው፣ በተለይ «አቴንሽን»ን ክፈቱና ኮረሱ ላይ የቱ መሳሪያ መቼ እንደሚወጣ መቼ እንደሚመለስ ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ስሙት፣ «ኤምፕቲ ካፕስ»ን ዝለሉት።