ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የእግር ጉዞ ወይስ ዋና?

ደረታቸው ተከፍቶ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ሲመለሱ ከእግር ጉዞና ከዋና የትኛው እንደሚሻል ይጠይቃሉ። ሁለቱም ልብን ያጠነክራሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ግን እኔ ያለማመንታት የእግር ጉዞን እመርጣለሁ።

የእግር ጉዞ ገና ሆስፒታል ሳሉ ከአልጋ እስከ በር በሚደረግ አጭር እርምጃ ይጀመራል፤ ከዚያም ርቀቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ትልቁ ጥቅሙ ልኩን ራስ መቆጣጠር መቻሉ ነው፤ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማ ግን ወዲያውኑ አቁሞ የሕክምና ርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዋና ትዕግሥት ይጠይቃል። የተሰነጠቀውና በሽቦ የታሰረው የደረት አጥንት እስኪገጥም በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ከዚያ በፊት ክንድን ከራስ በላይ እያነሱ ውኃ መቅዘፍ አጥንቱን ሊያላቅቀው ይችላል፤ ያልደረቀ ቁስልም በውኃ ውስጥ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። በዚህ ላይ ሰውነት እስከ አንገት ሲጠልቅ የውኃው ግፊት ከእግርና ከሆድ ደምን ወደ ልብ ስለሚገፋ የልብ ሥራ ይጨምራል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ የደም ሥሮችን አጥብቦ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ያም ሆኖ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች፣ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ በዝግታ መዋኘት ከእግር ጉዞ ይልቅ ሊስማማቸው ይችላል፤ ብቻን ግን መግባት አይገባም።