የጣናን ታሪክ ላቃኑልን ጋሼ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ዛሬ ምስጋናም ጥቆማም ይዤ መጥቻለሁ።

እኛ ጣና ላይ በጀልባ እንግዳ የምናስጎበኝ ልጆች ነን። ወደ ዘጌ ስንሻገር፣ ወደ አባይ መውጫ ስናዞር እንግዳው ስለ ውሃው መጠየቁ አይቀርም። እኛም «ምኒልክ አባይን ለእንግሊዝ ፈርመው ሰጡ» እያልን ዓመታት አወራን። ማን እንደነገረን እንኳ አናስታውስም። ለእንግዶች የሚሰጥ ጽሁፍ ልናሳትም ስንነሳ ግን ፈራን። በአፍ ማውራት ሌላ፣ ማሳተም ሌላ።

ያኔ ነው ጋሼን ያገኘናቸው። ታሪክ ተምረው፣ ኋላ ፖሊሲ ጨምረው፣ ብዙ ዘመን በብሔራዊው ቤተ መዛግብት በወመዘክርና ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሰነድ ሲያገላብጡ የኖሩ ተመራማሪ ናቸው። ከአማርኛና ከግእዝ ሌላ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ያነባሉ።

የቋንቋው ጥቅም የገባኝ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን የ1894 ዓ.ም. ውል ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉልን ነው። አማርኛውን በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ አደረጉ። በእርሳሳቸው ጫፍ አንዲት ቃል ላይ ቆሙ። «እዩ ልጆቼ፣ ፍሰቱን ማስቆም ነው የሚለው። መጠቀም አይልም።» ምኒልክ ቃል የገቡት ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ውሃውን የሚያስቆም ሥራ እንዳይሠራ ነው። አባይን ሰጠሁ የሚል መስመር የለም። ደጋግሜ ፈለግኩት፣ የለም።

ያልሰማነውንም ነገሩን። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ እንድትገድብ፣ ጣሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ ሊደጋገፉ ተስማሙ። ባለቤቷን ኢትዮጵያን የጠየቀ የለም። ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ይህን ሁሉ እያመሳከሩ ጻፉልን። አሁን ጀልባ ላይ ሳወራ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

ስለ ሐይቁ ዳርቻ ያስገባነውን ማመልከቻም መልክ አስያዙልን። ጩኸታችንን ቀነሱት። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ መመዝገቡን ከላይ አስቀመጡ፣ ጥያቄያችንን ከሥሩ።

አንድ ነገር ግን እወቁ፦ አይቸኩሉም። ለነገ የሚደርስ ሥራ ይዛችሁ አትሂዱ። ማረጋገጥ ያልቻሉትን ያወጡታል። በጣም የምንወዳትን አንዲት ወሬ አውጥተውብናል። ከፋኝ፣ ግን ልክ ነበሩ። ዋጋና ቀን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከዚያ ዝንፍ አይሉም።

የቆየ ሰነድ ያለው ቤተሰብ፣ አስጎብኚ፣ ማኅበር ካለ ይጻፍልኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።